በበርበሬ ጆንያ ውስጥ የደበቅሁት ክኒን

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! መጋቢ፣ ዛሬ እንድመሰክር ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር። እዚሁ ቦታ ላይ፣ ይኸንኑ ማይክ ይዤ፣ ከዓመት ከሦስት ወር በፊት ስለ ልጄ ስለ ትርንጎ መስክሬያለሁ። ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አልቅሳችኋል፣ እልል ብላችኋል። ያ ምስክርነት ግማሹ ውሸት ነበር። የመጣሁት እሱን ላስተካክል ነው።

እስቲ ዝም ብላችሁ ስሙኝ። «አሜን» የምትሉበት ሲደርስ እኔው እነግራችኋለሁ።

ለማታውቁኝ፣ የዝና እባላለሁ። ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው የምኖረው፤ ከባለቤቴ ከአስማረ ጋር በርበሬ እናለማለን። ጌታን ከማወቄ በፊት ሌባ ነበርኩ፣ ነፍሰ ገዳይ ነበርኩ ብዬ አላጋንንም። ጾሙን እጾማለሁ፣ ማኅበሩንም እጠጣለሁ። የኔ በሽታ እልክ ነበር። ከአማቴ ከእማማ ጥሩነሽ ጋር በአንድ ግቢ እየኖርን ሦስት ዓመት አልተነጋገርንም። በምን እንደተጣላን ዛሬ ብትጠይቁኝ በወጉ አላስታውሰውም። እሳቸው ለአስማረ ይነግሩታል፣ እሱ ለእኔ ይነግረኛል፣ እኔ ደግሞ መልሱን በእሱ እልካለሁ። ምስኪኑ ባሌ በሁለት ሴቶች መሃል ሲመላለስ አረጀ።

ትርንጎ አራት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ነው ሕመሙ የጀመራት። ክረምቱ ወጥቶ፣ በርበሬው መቅላት ሲጀምር። ከጀርባዬ አልወርድ አለች። ሳወርዳት ታለቅሳለች። መሬት የወደቀ ነገር አንሺ ስላት እንደ ልጅ ጎንበስ አትልም፤ ጀርባዋን እንደ ቀጥ ያለ እንጨት ይዛ፣ በአንድ እጇ ጉልበቷን ተደግፋ ቁጢጥ ትላለች። እኔ ምን አልኩ? «ሞልቃቃ!» አልኩ። ሥራ በዝቶብኝ ነበርና መታኋት። ወገኖቼ፣ ያመማትን ልጅ ነው የመታሁት። ይኸን ስናገር ዛሬም እጄ ያመኛል።

አንድ ቅዳሜ ሳጥባት ጣቴ ጀርባዋ መሃል ላይ ካለ ትንሽ ጉብታ ጋር ተጋጨ። አስማረን ጠራሁት። «ወድቃ ይሆናላ» አለ። ወጌሻ መጡ፣ ቅቤ ቀብተው አሹዋት፤ ጩኸቷ እስከ ወንዙ ተሰማ። ሰውየውን አልወቅሳቸውም፤ ወለም ያለውን ሁሉ የሚያቃኑ ደግ ሰው ናቸው፤ እኛ ነን የጠራናቸው። ከዚያ በኋላ ግን ባሰባት። አመሻሹ ላይ ትኩሳት፣ ላብ፣ መክሳት። ጥር ሲገባ መቆም አቃታት።

ያኔ ነው ወደ ፍኖተ ሰላም የወሰድናት። ራጅ ተነሣች፣ ደም ሰጠች፣ ብዙ ነገር ተመረመረች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ከትርንጎ አልጋ ጎን ተቀምጣ ጠየቀችን።

«ቤታችሁ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያሳለው ሰው አለ?»

«የለም» አልኩ ቶሎ ብዬ።

አስማረ ግን፣ «አባቴ» አለ። «አባቴ ዓመት ሙሉ ሲያስል ኖሮ ነው ያረፈው። የበርበሬው ብናኝ ነው ብለን ነበር።»

ወገኖቼ፣ እኛ ሰፈር በርበሬ የሚነካ ሰው ሁሉ ያስላል። በመልቀሚያውና በመቀንጠሻው ጊዜ ቤቱ ሁሉ ሲያስነጥስና ሲያስል ይውላል። ስለዚህ ሽማግሌው ሲያስሉ፣ «አባባ፣ ከጆንያው ራቅ በሉ» እንላቸው ነበር እንጂ ሐኪም ቤት አልወሰድናቸውም። ትርንጎን አቅፈው፣ እያሳሉ፣ ቀኑን ሙሉ ያጫውቷት ነበር።

«ቲቢ ነው» አለች ሐኪሟ።

«ኧረ ትርንጎ አታስልም!» አልኳት። ተቆጣሁ። «አንድም ቀን አስላ አታውቅም!»

«ሳንባዋን አይደለም የያዛት። አከርካሪዋን ነው። ሕፃናት ላይ እንዲህ ያደርጋል፤ አንዱን በአንገቱ፣ አንዱን በሆዱ፣ አንዱን በአጥንቱ ይይዘዋል። ሳል ላይኖር ይችላል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለች። «ይድናል። ግን አሥራ ሁለት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ መድኃኒት ትወስዳለች። ደህና ሆነች ብላችሁ ብታቆሙ አጥንቱ ተደርምሶ ነርቯን ይጫነዋል። ያኔ እግሯን ታጣለች።»

ይኸን ልብ በሉልኝ፤ አልተነገረኝም አልልም። ተነግሮኛል፣ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጌታን ያገኘሁት እዚያው ሆስፒታል ነው። ከጎናችን ያለው አልጋ ላይ እህቷን የምታስታምም ዘውድነሽ የምትባል ከሊበን የመጣች ሴት ነበረች። ስታየኝ ከሁሉም እጣላለሁ፤ ከነርሷ፣ ከጽዳት ሠራተኛዋ፣ ከአስማረ። አንድ ቀን መጥታ፣ «የኔ እህት፣ ለልጅሽ ልጸልይላት?» አለችኝ። «እንደፈለግሽ» አልኳት በግልምጫ። የትርንጎን እግር በሁለት እጇ ይዛ ጸለየች። ጩኸት የለ፣ ምን የለ። ልክ አጠገቧ ለቆመ ሰው እንደምትናገር ነው የተናገረችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ «አንችስ? አንች አልደከመሽም?» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ይኸን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አለቀስኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ደርቄ የቆምኩት ሴትዮ እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ተሰበርኩ። በዚያው ሳምንት ጌታን ተቀበልኩ። እዚህ ላይ አሜን በሉ! ይኼኛው እውነት ነው፤ ይኼን የሚያስክደኝ የለም! ስሙ ይባረክ!

ወደ ቤት ስመለስ ግን አዲስ እምነት ይዤ ተመለስኩ እንጂ እልኬን ጥዬ አልተመለስኩም። ሰፈሩ ዞረብኝ። ቡና የምንጣጣ ጎረቤቶቼ በአጥር በኩል አለፉኝ። አስማረ አልከለከለኝም። እማማ ጥሩነሽ በአስማረ በኩል አንድ ቃል ላኩብኝ፤ «የልጅቷን ማተብ እንዳትበጥስ ንገራት።» አልበጠስኩም። ሆኖም በልቤ፣ «ቆይ፣ ታያላችሁ!» አልኩ።

ታዲያ ትርንጎ መድኃኒቱን በጀመረች በሦስት ወሯ ተነሥታ አትሄድ መሰላችሁ! መጀመሪያ ግድግዳ ይዛ፣ ኋላ ብቻዋን። ትኩሳቱ ጠፋ፣ መብላት ጀመረች። እኔ ምን አየሁ? ልጄ መዳኗን ብቻ አላየሁም። ማሸነፌን አየሁ።

በዚያ እሑድ እዚህ ቆምኩ። «ጌታ ፈጽሞ ፈውሷታል! ከእንግዲህ መድኃኒት አያስፈልጋትም!» አልኩ። ይባስ ብዬ፣ «ትርንጎ፣ ዝለይ!» አልኳት። ዘለለች። እናንተ እልል ስትሉ ደጋግማ ዘለለች። የታመመ አከርካሪ ይዛ፣ በዚህ ሲሚንቶ ላይ፣ ሦስት ጊዜ።

ጉባኤው ሲበተን መጋቢ በሩ ላይ ለብቻዬ ያዙኝና፣ «የዝና፣ መድኃኒቱን ጨረሰች ወይ?» አሉኝ።

«ጨርሳለች፣ መጋቢ» አልኳቸው።

ዘጠኝ ወር ይቀራት ነበር። መጋቢ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ክኒኑን በውኃ ልበጠብጥ ስል እጄ ተያዘ። ትናንት በሕዝብ ፊት ተፈውሳለች ብያለሁ፤ ዛሬ ብሰጣት የተናገርኩትን መካድ መሰለኝ። እማማ ጥሩነሽ ደግሞ ደጅ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሲበጠበጥ ቢያዩ፣ «የታለ ፈውሱ?» የሚሉ መሰለኝ። አልሰጠኋትም። ማክሰኞም አልሰጠኋትም። ከጤና ጣቢያ መድኃኒቱን መቀበሌን ግን አላቆምኩም፤ ብቀር ይጠይቁኛላ! እቀበላለሁ፣ የመድኃኒቱ መከታተያ ካርድ ላይ በየቀኑ ምልክት አደርጋለሁ፣ ክኒኑን ጓዳ ካለው የበርበሬ ጆንያ ውስጥ እከታለሁ። ሰባ ቀን ያህል። ወገኖቼ፣ ይኸን እምነት ብዬ ነበር የምጠራው።

ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ አላባራ ብሎ ሳለ፣ ትርንጎ ከመኝታዋ ስትወርድ ወደቀች። አነሣኋት። እንደገና ወደቀች። የቀኝ እግሯ ጣት መሬቱን እየጫረ ይጎተታል። የማን ሥራ እንደሆነ አውቄዋለሁ። ግን ምን አልኩ? «ፈተና ነው» አልኩ። ጓዳ ገብቼ ጾም ያዝኩ። ጌታን እለምነዋለሁ፤ ነገር ግን እየለመንኩም የምሸሸው ከእሱው ነበር። አንድ ቀን አለፈ። ሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም እግሮቿ አልታዘዝ አሉ፤ ሽንቷንም መቆጣጠር አቃታት። «እማ፣ እግሬ የት ሄደ?» አለችኝ።

አስማረ ይኸን ሲያይ አምቡላንስ ፍለጋ ወጣ። በዚያው ጠዋት ነው እንግዲህ እማማ ጥሩነሽ ከሦስት ዓመት በላይ ያልረገጡትን ደጄን ረግጠው የገቡት። የነጠላቸውን ጫፍ ቋጥረዋል። ከቀናት በፊት በርበሬ ጨርሰው ኖሮ፣ አስማረ ምንም ሳያውቅ ጆንያዬን ወስዶ ሰጥቷቸዋል። ለዘመን መለወጫ ሊቀነጥሱ ዛላውን ሲዘረግፉት ክኒኑ አብሮ ወረደ። ነጠላቸውን ፊት ለፊቴ ፈቱት። በርበሬ በርበሬ የሚሸት የክኒን ክምር።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ።

ክኒኑን ልሰበስብ ጎነበስኩ።

«አንችን ነው የምጠይቅ፣ የዝና። ይኼ የልጅቷ አይደለም?»

«ነው።»

«ለምን?»

ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጮኹብኝ እኔም እጮኽ ነበር፤ እሱን አውቅበታለሁ። እሳቸው ግን አልጮኹም። ከትርንጎ አጠገብ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ጌታ ፈውሷታል ብዬ መሰከርኩ» አልኩ። «ከመሰከርኩ በኋላ መድኃኒት ብሰጣት፣ እሱን አለማመን መሰለኝ።»

እማማ ጥሩነሽ ወደ እኔ ዞሩ። «እንዴ፣ አንች ልጅ» አሉ። «አምላክሽ እንዳንች ያኮርፋል እንዴ? ክኒን ዋጠች ብሎ ከሕፃን ልጅ የሚጣላ ነው?»

ወገኖቼ፣ በሕይወቴ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ። እንደዚህ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም። እውነት ነው፤ እኔ ጌታን የማየው እንደ ራሴ አድርጌ ነበር። በትንሽ ነገር የሚቀየም፣ ካልተሸነፉለት የማይታረቅ፣ ሁሌ ማሸነፍ የሚፈልግ። እሳቸው እግር ላይ ወደቅሁ። «እማማ፣ ልጄን ገደልኳት» አልኩ። «ገና አልሞተችም፤ ተነሽ» አሉኝ። «ለዚያች ለጤና ልጅ ሂጅና እውነቱን ንገሪ። ሳትቀንሽ።»

የቀበሌያችንን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በዝናብ ሮጬ አመጣኋት። ሁሉንም ነገርኳት። እዚያው ቆማ ፍኖተ ሰላም ደወለች፤ ሐኪሟ በስልክ ስትናገር እኔም እሰማለሁ። «ጀርባዋን እንዳታጥፏት። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኟት። በርበሬ ውስጥ የነበረውን አትስጧት፤ አዲስ ከጤና ጣቢያ ይምጣና ዛሬውኑ ትጀምር። እና አምጧት። ፈጥናችሁ አምጧት።»

አስማረ ባዶ እጁን ተመለሰ። መንገድ ተዘግቷል። ከቡሬ የሚወጣም ወደ ቡሬ የሚገባም መኪና የለም። መቼ ይከፈታል ቢባል የሚያውቅ የለም።

ሦስት ቀን ጠበቅን። ያንን ሦስት ቀን ለጠላቴም አልመኝለትም። ትርንጎ ሳንቃ ላይ ተኝታ፣ እኔ በአንድ ጎኗ፣ እማማ ጥሩነሽ በሌላ ጎኗ። አስማረ ነገሩን ሲሰማ ወጥቶ አጥሩ ሥር ተቀመጠ። እሱን ማየት ከስድብ የከፋ ነበር። እማማ በራሳቸው መንገድ ያማትባሉ፣ እኔ በራሴ መንገድ እጸልያለሁ። ክኒኑን እኔ እበጠብጣለሁ፣ እሳቸው ራሷን ደገፍ አድርገው ያጠጧታል። ያኔ የጸለይኩት እንዲህ ብዬ ነው፦ «ጌታ ሆይ፣ ስሜን አታስጠራልኝ። እንዳሸንፍ አታድርገኝ። ልጄን ብቻ። እኔን የፈለግኸውን አድርገኝ፣ ልጄን ብቻ።»

በአራተኛው ቀን ማለዳ መንገዱ ተከፈተ ተባለ። የሰፈሩ ወንዶች፣ እነዚያ በአጥር በኩል የሚያልፉኝ ሰዎች፣ ቃሬዛ ሠርተው መጡ። ተራ በተራ እየተሸከሙ፣ በጭቃው ውስጥ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያጋድሏት እስከ አስፋልቱ አደረሷት። ማንም ሃይማኖቴን አልጠየቀኝም።

ሐኪሟ አልሰደበችኝም። ተመኘሁት፣ ግን አልሰደበችኝም። «እንደገና ከአንድ እንጀምራለን» አለች። «አሥራ ሁለቱም ወር፣ ከመጀመሪያው ቀን። እግሯ ይመለሳል ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም። ሊመለስም ላይመለስም ይችላል።»

ሳምንት አለፈ፣ ምንም የለም። ሁለተኛው አለፈ። በየማለዳው ብርድ ልብሱን ገልጬ ጣቶቿን አያለሁ። አንዳንድ ቀን መግለጡን እፈራዋለሁ። በሦስተኛው ሳምንት እማማ ጥሩነሽ ከቡሬ ሊጠይቁን መጥተው እግሯን በእጃቸው ሲያሞቁላት ድንገት ማሸታቸውን አቆሙ። «የዝና፣ ነይ እስቲ» አሉኝ። የግራ እግሯ አውራ ጣት። ተነቃነቀ። ቆመና፣ ደግሞ ተነቃነቀ። ሁለታችን ተያይዘን እልልታችንን ስናቀልጠው ነርሶቹ ሰው የሞተ መስሏቸው ሮጠው መጡ። አሁን በሉ! አሁን አሜን በሉ ወገኖቼ! ሃሌ ሉያ! ክብር ለእሱ ብቻ ይሁን!

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። የሚያስጨበጭብ ነገር የለውም። በየማለዳው ውኃ፣ ብርጭቆ፣ ክኒን። በመንገድ መዘጋት ቀን እንዳይጎድል የጤና ሠራተኛዋ አስቀድማ ታመጣልናለች። ትርንጎ አንዳንዴ ትተፋለች፣ አንዳንዴ ታኮርፋለች፤ በመጨረሻም ትውጣለች። እኔም የምጸልየው ብርጭቆውን ይዤ ነው። «ጌታ ሆይ፣ ይኼም ከእጅህ ነው» እላለሁ። ከቤታችንም የቀረነው ሁላችን ተመረመርን፤ አስማረ እንኳ ሳይቀር አክታውን ሰጠ፣ ደህና ነው።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ የመጨረሻዋን ክኒን ዋጠች። ሐኪሟ ራጁን አይታ፣ «በሽታው ጠፍቷል» አለች። ጌታ ይባረክ! ትርንጎ ትሄዳለች፣ ትሮጣለችም። ጀርባዋ ላይ ያለው ጉብታ ግን አልጠፋም፤ አይጠፋምም። ቀኝ እግሯም ሲደክማት ትንሽ ይጎተታል። ይኸን የምነግራችሁ እንድታዝኑ አይደለም። ባለፈው ሙሉውን እውነት ስላላመጣሁ ነው። ጉብታው ሳይጠፋ ጌታ ይመሰገናል ወይ ብትሉኝ፣ እኔ የማመሰግነው ዛሬ ነው፤ ያኔ ያመሰገንኩት ራሴን ነበር።

አማቴ ጌታን ተቀበሉ ወይ የምትሉ አላችሁ፤ ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። እማማ ዛሬም ጠዋት ቤተ ክርስቲያናቸው ሄደዋል። እኔም እዚህ መጣሁ። ወደ ቤት ስንመለስ አብረን ምሳ እንበላለን፤ እናወራለን። አስማረ የቃል አድራሽነት ሥራውን ተገላግሏል።

አሁን ልጨርስ። ወገኖቼ፣ እዚህ ጉባኤ መሃል የምትንቀጠቀጥ ሰው እንዳለች አውቃለሁ፤ እኔም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ተንቀጥቅጫለሁ። ልጅሽ አንገቷ ሥር ንፍፊት አውጥታ ወራት አልፏት ይሆናል። ሆዱ ተነፍቶ እየከሳ ያለ ልጅ ይኖርሽ ይሆናል። አያስልም ብለሽ ተጽናንተሽ ይሆናል። ወይም እንደኔ፣ ተፈውሷል ብለሽ ተናግረሽ፣ ክኒኑን የሆነ ቦታ ሸሽገሽ፣ አሁን መመለሻው ጠፍቶሽ ይሆናል። እህቴ፣ ጌታ አያኮርፍሽም። እመኚው። ስትታመኚበት እውነቱን ይዘሽ መቅረብ ትችያለሽ፤ ለእሱም፣ ለሐኪሙም።

መጋቢ ሲጸልዩ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ማን እንደሆንሽ ማንም አያይም። እኔ በሩ አጠገብ እቆማለሁ። ምንም አትንገሪኝ፣ እጄን ብቻ ያዢኝ። ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ጤና ጣቢያው ደጃፍ እጠብቅሻለሁ፤ አብሬሽ እገባለሁ።